“እንግሊዝም በዚሁ ነው ያለፈችው” ለሚሉን

ስለ ልብስ ፋብሪካ ሰራተኞች ደሞዝ በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ አለ፣ ካፌ ውስጥም፣ ፌስቡክ ላይም፣ ቲቪ ላይ ከሚቀርበው ባለሙያ አፍም የማይጠፋ። "ያደገ አገር ሁሉ በዚህ ነው ያለፈው፣ እንግሊዝም ስትጀምር እንዲሁ ነበረች፣ ብቻ ፋብሪካው ይምጣ፣ ደሞዙ በራሱ ጊዜ ያድጋል" ይላሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ነበር። የአክስቴ ልጅ ከገጠር መጥታ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገብታ ስምንት ወር ሰርታ ከወጣች በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመርና የእንግሊዝን ታሪክ ቁጭ ብዬ ማንበብ ያዝኩ፣ እና ያ "በራሱ ጊዜ" የሚሉት ነገር እዛ ታሪክ ውስጥ የለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከፋብሪካ በፊት የነበረው ስራ ምን እንደሚመስል ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። እናቱ ባዘቶ ይዛ በእንዝርት ስትፈትል ያየ፣ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሳልፍ ቆሞ ያየ ሰው የ1700ዎቹን ላንካሻየር፣ በሰሜን እንግሊዝ ያለውን የጥጥ አገር፣ ግማሹን አይቷል። እዛም ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ባልየው ይሸምናል፣ ህጻናቱ ጥጡን ያፍታታሉ፣ ነጋዴው ጥጡን አምጥቶ ጨርቁን ይወስዳል፣ የስራ ቦታው ቤታቸው ነው። ያንን ዘመን ገነት አስመስዬ ማውራት አልፈልግም፣ ድህነት ነበር፣ ነጋዴው ሂሳብ ይቆርጥባቸው ነበር፣ ልጆችም ከእናት ከአባታቸው ጋር እስኪመሽ ይሰሩ ነበር። ግን ጊዜው የነሱ ነበር። ሰኞ ሰኞ ብዙዎቹ አይሰሩም፣ "ቅዱስ ሰኞ" ብለው ስም ሁሉ አውጥተውለት ነበር፣ ከዛ የሳምንቱ መጨረሻ ላይ እያመሹ ያካክሱታል። በሚካኤልና በማርያም ቀን ሞፈር የማይነካ ገበሬ አባት ላለው ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ስራው ሲበዛ ትሰራለህ፣ ሲያልቅ ታርፋለህ፣ በዓሉ ሲመጣ ትተዋለህ።

ይሄ የተቀየረው በአንድ ቀን አይደለም፣ አንዱ ማሽን ሌላውን እየጎተተ ነው የመጣው። በ1733 ጆን ኬይ መወርወሪያው በገመድ እየተሳበ ወዲያና ወዲህ የሚበርበትን ዘዴ አወጣ፣ ሸማኔው ፈጠነ፣ ሸማኔው ሲፈጥን ደግሞ ፈትል አነሰ፣ ድሮም ለአንድ ሸማኔ ብዙ ፈታይ ነበር የሚያስፈልገው አሁን ጭራሽ አልደረስ አለ። በ1760ዎቹ ጄምስ ሃርግሪቭስ አንድ ሰው ስምንት እንዝርት ባንዴ የሚያሾርበትን ማሽን ሰራ፣ የአካባቢው ሰው መጥቶ ሰባበረበትና ቀዬውን ለቆ ኖቲንግሃም ገባ። እስከዚህ ድረስ ማሽኑ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነበር። ስራን ከቤት ያወጣው የሪቻርድ አርክራይት ነው። ሰውየው ፀጉር ቆራጭና ዊግ ሰሪ ነበር፣ በ1769 የመፍተያ ማሽን ፓተንት አወጣ፣ በ1771 ደግሞ ደርቢሻየር ውስጥ ክሮምፎርድ በምትባል መንደር በውሃ ኃይል የሚሰራ ፋብሪካ ተከለ። ማሽኑን የሚያዞረው ውሃ ነው፣ ወንዝ ደግሞ ሰው ቤት አይገባም፣ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሰው ነው ወደ ስራው የሚሄደው። አርክራይት ብዙ ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች እየፈለገ መኖሪያ ሰርቶ አሰፈራቸው፣ ፋብሪካው ቀንም ሌሊትም በአስራ ሁለት አስራ ሁለት ሰዓት ሺፍት ይሰራ ጀመር፣ የሰውን መግቢያና መውጫ የሚወስነው ደወል ሆነ።

እኔ ከማሽኖቹ ሁሉ በላይ ትልቁ ለውጥ ይሄ ደወል ነው ባይ ነኝ። በኋላ የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሲመጣ ወንዝም አላስፈለገም፣ ፋብሪካው ከተማ ገባ፣ በ1801 ወደ 75 ሺህ ሰው የነበረባት ማንቸስተር በ1851 ከ300 ሺህ አለፈች። ሞተሩ ከተነሳ ሁሉም ሰው ቦታው ላይ መገኘት አለበት፣ ስለዚህ ማርፈድ ቅጣት አለው፣ ማውራት ቅጣት አለው። በ1823 ማንቸስተር አቅራቢያ ቲልድስሊ የነበሩ ፈታዮች ለህዝብ ያወጡት የቅጣት ዝርዝር አለ፣ መስኮቱ ተከፍቶ የተገኘ አንድ ሺሊንግ፣ ሲያፏጭ የተሰማ አንድ ሺሊንግ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ወደ 28 ዲግሪ ነው፣ ፈትሉ እንዳይበጠስ ሲባል። ከተሞቹ ውስጥ ረጅም ዘንግ ይዞ በየመስኮቱ እያንኳኳ ሰራተኛ የሚቀሰቅስ፣ ለዚህም በሳምንት ሳንቲም የሚከፈለው ሰው ሁሉ ነበር፣ ምክንያቱም ድሃው ሰዓት የለውም፣ ካረፈደ ደግሞ ደሞዙ ይቆረጣል። ከዘመኑ ሰራተኞች ምስክርነት ውስጥ እኔን በጣም ያሳዘነኝ ግን ይሄ ነው፣ አንዳንድ ፋብሪካዎች ጠዋት ሰዓቱን ወደፊት ማታ ደግሞ ወደኋላ እየገፉ ሰውን ያሰሩ ነበር፣ ሰራተኛው ይጠረጥራል ግን የኪስ ሰዓት ይዞ መግባት ይፈራል።

ሌላ ደግሞ ካነበብኩት ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣ ቃል አለ። በ1832 ፓርላማው በማይክል ሳድለር የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ የፋብሪካ ሰራተኞችን እየጠራ ይጠይቅ ነበር፣ ከቀረቡት አንዷ ኤልዛቤት ቤንትሊ የምትባል የ23 ዓመት የሊድስ ልጅ ናት። በስንት ዓመትሽ ስራ ጀመርሽ ሲሏት በስድስት ዓመቴ አለች። ሊነን፣ ማለትም ከተልባ ግንድ የሚወጣው ክር፣ የሚፈተልበት ፋብሪካ ነው፣ ስራዋ ፈትሉ የሚጠቀለልበት ቦቢን ሲሞላ ማሽኑ ይቆማል፣ ሮጣ ሙሉውን ታወርዳለች፣ ባዶውን ትተካለች፣ ማሽኑ እንደገና ይነሳል፣ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ። ስራ ሲበዛ ከጠዋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ ለምግብ የሚሰጣቸው ቀትር ላይ 40 ደቂቃ ብቻ ነው። ከደከማችሁስ ሲሏት እንገረፋለን አለች። ሴቶችንም? አዎ ሴቶችንም። ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ አካሏ በስራው ተጣሞ ነበር። ባለፋብሪካዎቹ ምስክሮቹ ተመርጠው ነው የመጡት ብለው ጮሁ፣ መንግስትም ሌላ አጣሪ ኮሚሽን ላከ፣ ያኛውም ኮሚሽን ዞሮ ዞሮ ህጻናቱ ከአቅማቸው በላይ እየሰሩ ነው ብሎ መጣ።

የወንዶቹ የሸማኔዎች ነገር ደግሞ ሌላ ሀዘን ነው። መጀመሪያ ፈትል በፋብሪካ ሲረክስ እነሱ ተጠቅመው ነበር፣ ርካሽ ፈትል በሽ ነው፣ ሸማኔ ግን ጥቂት፣ ስለዚህ በ1800 አካባቢ ላንካሻየር ውስጥ ቦልተን ከተማ ላይ ጥሩ ሸማኔ በሳምንት ከ20 ሺሊንግ በላይ ያገኝ ነበር። ይሄን ያየ ሁሉ ወደ ሽመና ገባ፣ ከናፖሊዮን ጦርነት የተመለሰውም፣ ከገጠር የመጣውም፣ ከአየርላንድ የተሻገረውም። ከዛ ሽመናውም ማሽን መጣበት። በ1813 መላው ብሪታንያ ውስጥ 2,400 ገደማ የነበረው የሽመና ማሽን በ1833 ወደ 100 ሺህ ደረሰ፣ የዛ የቦልተን ሸማኔ ገቢ ደግሞ በ1830ዎቹ በሳምንት ከ7 ሺሊንግ በታች ወረደ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ሰነፍ አልሆነም፣ እጁ አልተበላሸም፣ እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ ሰዓት ነው የሚሰራው። ዛሬ ማሽን የሚሰብሩ ቴክኖሎጂ ጠሎች እየተባሉ የሚሰደቡት ሉዳይቶችም ከዚሁ ዓለም የወጡ ናቸው፣ በ1811 ኖቲንግሃም አካባቢ የካልሲ ማሽን መስበር ሲጀምሩ እነሱ ራሳቸው በማሽን የሚሰሩ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ጥያቄያቸው ሙያ ያልተማረ ሰው እየቀጠራችሁ፣ የሚበጣጠስ ርካሽ ካልሲ እየሰራችሁ ዋጋችንን አታውርዱት ነው። ማህበር እንዳያቋቁሙ ከ1799 ጀምሮ በህግ ተከልክለዋል፣ ድምጽ የመስጠት መብት የላቸውም፣ ታዲያ በምን ይናገሩ? በ1812 ማሽን የሰበረ በሞት ይቀጣ ተብሎ ህግ ወጣ፣ ገጣሚው ሎርድ ባይረን ፓርላማ ቆሞ ቢቃወምም አልሰሙትም፣ በ1813 መጀመሪያ ዮርክ ላይ 17 ሰው ተሰቀለ።

ከተማው ውስጥስ ህይወት ምን ይመስል ነበር ካላችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ልንገራችሁ። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ያወጣው የጤና ሪፖርት ላይ ማንቸስተር ውስጥ የሰራተኛ ቤተሰብ ሰው በአማካይ የሚሞተው በ17 ዓመቱ ነው። አስራ ሰባት። ህጻናቱ በብዛት ስለሚሞቱ ነው አማካዩ እንዲህ የወረደው። ሩትላንድ የምትባለው ገጠር ውስጥ ያለ የቀን ሰራተኛ ቤተሰብ ደግሞ 38፣ እሱም የማንቸስተር ባለጸጋ የሚሞትበት ዕድሜ ነው። ደሞዝ ፍለጋ ወደ ከተማ የሄደ ሰው የልጆቹን ዕድሜ ከፍሎ ነው የኖረው።

እና ሀብቱ የት ሄደ? ሀብት አልተፈጠረም የሚል የለም። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ሮበርት አለን ሲያሰላው ከ1780 እስከ 1840 ባለው ጊዜ አንድ ሰራተኛ የሚያመርተው በ46 ፐርሰንት ሲያድግ የደሞዙ የመግዛት አቅም ያደገው በ12 ፐርሰንት ነው። 60 ዓመት! ሁለት ሶስት ትውልድ ሰርቶ ሞተ ማለት ነው። "በራሱ ጊዜ ያድጋል" የሚል ሰው እቺን 60 ዓመት ለማን ነው የሚያስከፍላት?

ደሞዙም ሰዓቱም በኋላ ተሻሽሏል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ግን እንዴት እንደተሻሻለ እንይ። ህጻናትን የሚመለከት የመጀመሪያው የፋብሪካ ህግ በ1802 ወጣ፣ ሁለተኛው በ1819፣ ሁለቱም ወረቀት ላይ ቀሩ፣ ለምን ቢባል ሄዶ የሚያይ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አልተመደበም፣ ቁጥጥሩ የተሰጠው ለየአካባቢው ዳኞች ነው፣ እነሱ ደግሞ ከባለፋብሪካው ጋር አንድ ማዕድ የሚቆርሱ ናቸው። በ1819 ማንቸስተር ላይ ወደ 60 ሺህ ሰው ፓርላማ ውስጥ ውክልና ይኑረን ብሎ ቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ሲሰበሰብ ፈረሰኛ ጦር ሰይፍ መዞ ገባበት፣ ወደ 18 ሰው ሞተ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቆሰለ። በ1834 ቶልፐድል የሚባል መንደር ውስጥ ማህበር አቋቁማችሁ ቃለ መሃላ ፈጸማችሁ ተብለው ስድስት የእርሻ ሰራተኞች አውስትራሊያ ተጋዙ። ደሞዙ ያደገበት "ጊዜ" ውስጥ እነዚህ ሰዎች አሉ።

በ1833 የወጣው ህግ ነው ለውጥ ያመጣው፣ እሱም ከሐር ፋብሪካ በቀር ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ እንዳይቀጠር ከለከለ፣ ከ9 እስከ 13 ያለው በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይሰራ አለ፣ ትምህርትም ጨመረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ተቆጣጣሪዎች መሾሙ ነው። አራት ሰው ለመላው አገር በጣም ትንሽ ነው፣ ግን በፈለጉት ሰዓት ፋብሪካ ገብተው የመጠየቅ ስልጣን ነበራቸው። አንደኛው ሊዮናርድ ሆርነር ይባላል፣ ከ20 ዓመት በላይ ነው ይሄን ስራ የሰራው። የነሱ ሪፖርቶች ሲነበቡ ጠዋት ከመግቢያ ሰዓት በፊት አምስት ደቂቃ፣ ምሳ ላይ አስር ደቂቃ፣ ማታ ደግሞ ትንሽ እየተባለ ከሰራተኛው የሚሰረቀው ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ተቀምጧል። ዕድሜ ማጣራቱ ራሱ ትልቅ ፈተና ነበር፣ በ1837 የልደት ምዝገባ እስኪጀመር ድረስ ልጁ 9 ዓመት ይሙላው አይሙላው የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ሰነድ አልነበረም፣ ስለዚህ ሀኪም ቁመቱን አይቶ ጥርሱን አይቶ ነበር የሚፈርመው። ልደት ያልተመዘገበላቸው ልጆች ዕድሜያቸውን ከፍ አድርገው ስራ ሲገቡ ላየን ለኛ ይሄ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ "ደሞዝ ጨምሩ ሰዓት ቀንሱ ካልን ባለሀብቱ ይሸሻል" ወደሚለው። ይሄም አዲስ አይደለም። በ1837 ናሶ ሲኒየር የሚባል የተከበረ ኢኮኖሚስት ባለፋብሪካው ትርፉን በሙሉ የሚያገኘው ከቀኑ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ነው፣ እሷን ከቀነሳችሁበት ኢንዱስትሪው ይጠፋል ብሎ በቁጥር አስደግፎ ጻፈ። ብዙ የተማረ ሰው አመነው። ከአስር ዓመት በኋላ በ1847 ፓርላማው ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሰሩ ሲወስን ግን ኢንዱስትሪው አልጠፋም፣ የላንካሻየር ጥጥ ከዛ በኋላም ለአስርት ዓመታት ዓለምን ሲያለብስ ነው የኖረው። የሲኒየር ስሌት ስህተት ነበር፣ እሱ ታምኖ ህጉ በዘገየባቸው ዓመታት ውስጥ ያደጉት ልጆች ግን እነዛን ዓመታት የሚመልስላቸው አልነበረም።

ፋብሪካ አይምጣ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ደሞዟን ስትቀበል ለእናቷ ነጠላ ገዝታ ስትልክ ፊቷ ላይ ያየሁትን እኔ አውቃለሁ። ላንካሻየር ውስጥም ለወጣት ሴቶች የፋብሪካ ደሞዝ ከሰው ቤት አገልጋይነት የተሻለ ሆኖ ያገኙት ብዙ ነበሩ፣ የራሴ የሚሉት ገንዘብ ነው፣ ቤት ውስጥ ቃላቸው መሰማት የጀመረውም በሱ ነው። ሰው ፋብሪካን የሚመርጠው የነበረበት ስለከበደው ነው፣ ይሄንን አልክድም። ግን የነበረበት ስለከበደው የመጣ ሰው ስለሆነ ማንኛውም ነገር ይበዛለታል ማለት ሌላ ነገር ነው።

ደሞ እንግሊዝ "ያለፈችበት" መንገድ ላይ ሌሎች ሰዎችም ተረግጠዋል። ያ ሁሉ ጥጥ ከየት ነበር የሚመጣው? አብዛኛው ከአሜሪካ ደቡብ፣ በባሪያ ጉልበት። ኢላይ ዊትኒ በ1793 የጥጥ መዳመጫ ማሽን ሲሰራ ፍሬውን ከጥጡ መለየት ቀለለ፣ እርሻው ሰፋ፣ በ1790 ወደ 700 ሺህ የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። ማሽን ስራ ያቀልላል ይባላል፣ ለነሱ ግን ማሽኑ ነው ሰንሰለቱን ያስረዘመው። የፋብሪካው ጨርቅ በኋላ እኛም ጋ ደርሷል፣ አያቶቻችን ለቀሚስም ለከፈንም የገዙት አቡጀዲ ለረጅም ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካ ስራ ነበር፣ በ1903 አሜሪካ ሮበርት ስኪነርን ወደ አፄ ምኒልክ ስትልክ ከጉዳዮቹ አንዱ ይሄው የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ጥጡ ቆመ፣ ከ1861 እስከ 1865 ላንካሻየር ስራ ፈታ፣ ሰው ተራበ። ያኔ የማንቸስተር ሰራተኞች ዲሴምበር 31 ቀን 1862 ተሰብስበው ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለሊንከን ደብዳቤ ጻፉ፣ ባርነትን አጥፋ፣ እኛ ከጎንህ ነን አሉት። እየተራቡ ነው ይሄን የጻፉት፣ ሊንከንም ጃንዋሪ 19 ቀን 1863 መለሰላቸው፣ የሊንከን ሃውልት ዛሬም ማንቸስተር ከተማ መሃል አለ። እኔ የኢንዱስትሪውን ዘመን ታላቅነት ከፈለጋችሁ ከእንፋሎት ሞተሩ ይልቅ እዚህ ደብዳቤ ላይ ነው የማየው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የሃዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት ስንት ተስፋ እንደነበር እናስታውሳለን። በ2019 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የሰራተኛዋ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ ባወዳደሯቸው አገሮች ሁሉ ውስጥ ዝቅተኛው። ጃንዋሪ 2022 ላይ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ስንሰረዝ ደግሞ ብዙ ልጆች እነሱ ባልወሰኑት ነገር ስራቸውን አጡ፣ ልክ ጥጡ እንደቆመባቸው የላንካሻየር ሰዎች። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጃችን፣ 1156/2011 በኛ አቆጣጠር፣ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያይ የደሞዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል፣ የሰራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሰማኮም በየሜይ ዴዩ ይሄንኑ ሲጠይቅ ነው የኖረው። በስምንት ሰዓት ስራና በሳምንት 48 ሰዓት ላይም የተጻፈው ጥሩ ነው። የኔ ጥያቄ የ1802ቱ ህግ ላይ ያነሳሁት ነው፦ ማነው ሳይጠራ ገብቶ የሚያየው? ስንት ናቸው? ያዩትን ይጽፋሉ ወይ፣ የጻፉትንስ እኛ ማንበብ እንችላለን ወይ? የሆርነር ሪፖርት ታትሞ ይወጣ ነበር፣ የፈለገ ሰው ማንበብ ይችል ነበር።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ቤት መጥታ ቡና እያፈላች እያለ የእነዛን የኪስ ሰዓት መያዝ የሚፈሩ ሰራተኞች ታሪክ ነገርኳት። ረከቦቱን እያስተካከለች ዝም ብላ ሰማችኝና "እኛም እኮ ስልካችንን በር ላይ ነበር የሚቀበሉን፣ ሰዓት ግድግዳው ላይ አለ ግን ከኔ መስመር አይታይም ነበር፣ መምሸቱን የማውቀው ሰርቪሱ ላይ ስወጣ ነው" አለችኝ።